ከፍሪጁ እስከ ልጁ ክንድ፦ የፋክተር ረጅም መንገድ

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። አምና አንድ ቀን፣ ማምሻውን 12 ሰዓት ገደማ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ደረጃ ላይ ዘሎ ወረደ። ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። አልወደቀም፣ አልተላጠም፣ አላለቀሰም። ትንሽ ቆይቶ ግን «እማ፣ ጉልበቴ ውስጥ ይሞቀኛል» አላት። እህቴ ክው አለች። ልጇ ሄሞፊሊያ፣ ማለትም ደም በደንብ የማይረጋበት በሽታ፣ አለበት። እሱ «ይሞቀኛል» ሲል መገጣጠሚያው ውስጥ ደም መፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው።

የሚያስፈልገው መድኃኒት ፋክተር ይባላል። አገር ውስጥ አለ። ግን ያለው አዲስ አበባ ነው፣ እነሱ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ። ሌሊቱን ጉልበቱን በበረዶ ስትይዝለት አደረች። ሲነጋ ጉልበቱ ኳስ አክሏል። እዚያው አቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ይዛው ሄደች። ተረኛው ባለሙያ የልጁን ስቃይ ሲያይ አዘነና ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መቀመጫው ላይ ወጋው። ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ዲክሎፌናክ ራሱ የደምን መርጋት ያዳክማል። መርፌው የገባበት ጡንቻም ሌላ የሚደማ ቦታ ሆነ። ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ከዚያ የዓባይ በረሃ። ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አውቶቡሱ ጠመዝማዛው ላይ በዞረ ቁጥር እግሩን በሁለት እጇ እየያዘች። አዲስ አበባ ደርሰው ፋክተሩ ደም ሥሩ ውስጥ ሲገባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር።

25 ሰዓት ማለት ነው። መርፌው ራሱ የፈጀው አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሄሞፊሊያ ሳስብ የምቆጥረው ሰዓት ነው። ሰው «መድኃኒቱ የለም» ሲል ይሰማል። እውነት ነው፣ እጥረት አለ። ግን መድኃኒቱ እያለም ልጁ ጋ የማይደርስበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ እኛው ልናሳጥረው እንችላለን። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ደሙ ለምን አይቆምም?

ስንቆረጥ ሰውነታችን ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ፕሌትሌት የሚባሉ ደቃቅ ህዋሶች ቀዳዳው ላይ ይለጠፋሉ። ይህ ለጊዜው ነው፤ ጣሳን በጨርቅ እንደመወተፍ። ውታፉን የሚያጠብቀው ፋይብሪን የሚባል የክር መረብ ነው። መረቡ እንዲሠራ ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በተራ መነሳት አለባቸው። ክሎቲንግ ፋክተር የምንላቸው እነዚህን ነው። በቁጥር ይጠራሉ። ስምንተኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ዘጠነኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ሁለቱ በምልክት አይለያዩም። በመድኃኒት ግን ይለያያሉ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ከሌላው ፈጥኖ አይደማም። የሚለየው ሳያቆም ረጅም ጊዜ መድማቱ ነው። ጣቱን ቢላ ስለጫረው አይሞትም፤ ያ ተጭኖ በመያዝ ይቆማል። የሚያስፈራው የማይታየው ደም ነው፦ በጉልበት፣ በክርን፣ በቁርጭምጭሚት፣ በጡንቻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የፋክተሩ መጠን ከ50 እስከ 150 በመቶ ነው። ከ5 እስከ 40 በመቶ ያለው ሰው ቀላል ሄሞፊሊያ አለበት ይባላል፤ ጥርስ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ ላያውቅም ይችላል። ከ1 እስከ 5 ያለው መካከለኛ ነው። ከ1 በመቶ በታች ያለው ከባዱ ነው። የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ነው። እነሱ ምንም ሳይመቱ ይደማሉ።

መገጣጠሚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣዋል፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ ያበጠው ሽፋን ደግሞ በቀላሉ ይደማል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የደማ ጉልበት ለሁለተኛው ይመቻቻል። ይህ ሲደጋገም በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ለስላሳ ልም አጥንት ይበላል፣ እግሩ አልዘረጋ ይላል፣ ልጁ ያነክሳል። ባለሙያዎች ፋክተር ቶሎ ይሰጥ፣ ከተቻለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው። ቶሎ የተሰጠ ፋክተር በትንሽ መጠን ይበቃል። የዘገየው ግን ለቀናት ተደጋግሞ መሰጠት ይኖርበታል። መድኃኒቱ ባጠረበት አገር መዘግየት ሁለት ጊዜ ያከስራል።

ስሙ ያልታወቀ በሽታ

ከእንቅፋቶቹ ሁሉ ትልቁ በሽታው እንዳለ አለመታወቁ ነው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ከ100,000 ወንዶች 21 ያህሉ ሄሞፊሊያ እንዳለባቸው ይገምታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ60 ሚሊዮን በላይ ወንዶች አሉ ብለን ብናባዛው ከ12,000 በላይ ይመጣል። በሕክምና ማዕከል የሚታወቁት ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ሌሎቹ የት ናቸው? የተወሰኑት ቀላሉ ዓይነት ስላለባቸው ሳያውቁት ይኖራሉ። ከባዱ ያለባቸው ግን ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው አልፈዋል፤ ቤተሰብም «ደም ፈሶት ሞተ» ብሎ ቀብሯቸዋል።

እኛ አገር የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ በስምንተኛው ቀን ይመጣል። ግርዛት። የእህቴም ልጅ እንደዚያ ነው የታወቀው። ጨርቁ በተቀየረ ቁጥር ይርስ ነበር። ሌሎች ልጆች ደግሞ እንጥል ሲቆረጡ ወይም ግግ ሲወጣላቸው ይደማሉ። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ለማንም ሕፃን አይጠቅሙም፤ ሄሞፊሊያ ላለበት ልጅ ግን ሞት ሊሆኑ ይችላሉ። ያበጠ ጉልበት ሲታይ ደግሞ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው ወለም አለው ብሎ ያሻል፣ ይጎትታል፣ ደሙም ይብሳል። ሰው የሚያደርገው የሚያውቀውን ነውና አልፈርድም። ቡዳ በላው፣ እርግማን ነው የሚሉም አሉ። በዚህ መካከል ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ዓመቱ፣ ያልፋል።

አንድ የሚገርመኝ ታሪክ አለ። የጥንት አይሁድ ሊቃውንት፣ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ ስለ እህትማማቾች ጉዳይ ጽፈው አስቀምጠዋል። የመጀመሪያዋ ልጇን አስገረዘች፣ ሞተ። የሁለተኛዋም ሞተ። የሦስተኛዋም ሞተ። አራተኛዋ ወደ ሊቁ ስትመጣ «አትግረዢው» አላት። ግርዛት ትልቅ ቃል ኪዳን በሆነበት ሕዝብ ውስጥ ይህ ተፈቀደ። ማንም ስለ ፋክተር በማያውቅበት ዘመን ነገሩ በእናት ወገን እንደሚተላለፍ ተገንዝበው ነበር። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በቤተሰባችሁ አጎት ወይም የአክስት ልጅ እየደማ የሞተ ካለ፣ አዲስ የተወለደው ወንድ ልጅ ሳይመረመር አይገረዝ። በስምንተኛው ቀን ይሁን የሚሉ አያቶች ካሉ ለነፍስ አባታቸው ንገሯቸው። ከራሴ ቤተሰብ እንዳየሁት፣ ነገሩ በደንብ ከተብራራላቸው አባቶች ልጅ ይሙት አይሉም።

ምርመራው የት ይጀመራል? ፒቲ እና ፒቲቲ የሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች አሉ። ፒቲው ደህና ሆኖ ፒቲቲው ብቻ ከረዘመ ሄሞፊሊያ ይጠረጠራል። ኤ ነው ወይስ ቢ የሚለውን ለመለየት ግን የፋክተሩን መጠን የሚለካ ምርመራ ያስፈልጋል። ያ በጥቂት ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። ሄሞፊሊያ እንዳለ በሚታወቅበት ቤተሰብ ደግሞ ሕፃኑ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ተወስዶ መመርመር ይቻላል፤ ሕፃኑን መውጋትም አያስፈልግም። እናትየው እርጉዝ ሳለች ለሐኪሟ ከተናገረች ይህ ቀላል ነው። በቫክዩም ወይም በመሣሪያ እንዳይጎተትም ይጠነቀቁለታል።

ስለ እናቶች አንድ ነገር ልበል። ሄሞፊሊያ በእናት በኩል ይተላለፋል ሲባል ብዙ ቤት ውስጥ ጣት ይቀሰራል። ተሸካሚ የሆነች፣ ማለትም በሽታውን በዘሯ የያዘች እናት በእያንዳንዱ እርግዝና ወንድ ብትወልድ በሽታው የሚኖርበት ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴት ብትወልድም ልጅቷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ያው ግማሽ ነው። ይሁንና ሄሞፊሊያ ካለባቸው ሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ በሽታው በቤተሰቡ ውስጥ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም፤ ለውጡ አዲስ ነው። ማንም አጥፍቶ የመጣ አይደለም። ባሎች ይህን ስሙልኝ። ጥፋተኛ የተባለች እናት ልጇን ትደብቃለች፤ የተደበቀ ልጅ ፋክተር አያገኝም። ተሸካሚ ሴቶችም ራሳቸው የፋክተር መጠናቸው ዝቅ ሊል ይችላል። የወር አበባዋ ከመጠን በላይ የሚበዛ፣ ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም ያላት የዚህ ቤተሰብ ሴት መመርመር አለባት።

ፋክተሩ ከየት ይመጣል?

ፋክተር በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ከብዙ ሺህ ለጋሾች ፕላዝማ፣ ማለትም ከደማቸው ፈሳሽ ክፍል፣ ተጣርቶ ነው። ሌላው ቤተ ሙከራ ውስጥ በህዋሶች አማካይነት ይመረታል። ሁለቱም ውድ ናቸው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፕላዝማ የሚሠራው ፋክተር በኤችአይቪና በሄፓታይተስ ሲ ተበክሎ በሀብታም አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማንን ጎድቷል። ዛሬ ቫይረስ የሚገድል ሂደት ስለሚያልፍ ያ ስጋት በጣም ቀንሷል። ጥንቃቄው ግን ዋጋውን ከፍ አድርጎታል።

ስለዚህ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ልጆቹ የሚወጉት አብዛኛውን ጊዜ በእርዳታ የመጣ ፋክተር ነው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሞንትሪያል ያለው፣ ከ1996 ጀምሮ መድኃኒት በእርዳታ ይልካል። መሥራቹ ፍራንክ ሽናቤል ራሱ ሄሞፊሊያ ነበረበት። ሚያዝያ ውስጥ የሚከበረው የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 17፣ የልደቱ ቀን ነው። ይህ እርዳታ ባይኖር የእህቴ ልጅ ዛሬ ይራመድ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን እርዳታ ጠባዩ ይታወቃል። አንድ ወር ይትረፈረፋል፣ ሌላ ወር ይጠፋል። አንዳንዴ ማብቂያው የተቃረበ ብልቃጥ ይመጣል። የሕሙማን ቁጥር ተመዝግቦ ካልቀረበ ደግሞ የሚላከውም ያንሳል። ልጃችሁን ማዕከል ሄዳችሁ አስመዝግቡ የምለው ለዚህ ነው። ዛሬ ባይደማም አስመዝግቡት። ላልተቆጠረ ልጅ ድርሻ አይላክለትም።

ፋክተር ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ደም ባንክ ይታሰባል። እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፣ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

አንድ ዩኒት ፋክተር ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ጤነኛ ፕላዝማ ውስጥ ያለው መጠን ነው። ፋክተር ስምንት በኪሎ አንድ ዩኒት ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በ2 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጉልበቱ ደምቶ መጠኑን 40 በመቶ ማድረስ ቢፈለግ፦ 20 ሲባዛ በ40፣ ከዚያ ለሁለት ይካፈላል። 400 ዩኒት። ይህ ተዘጋጅቶ የመጣ ፋክተር ከሆነ ትንሽ ሲሪንጅ ነው። በፕላዝማ ከሆነ ግን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለ20 ኪሎ ልጅ ይህ ልብና ሳንባውን ሊያጨናንቅ የሚችል ፈሳሽ ነው።

መካከለኛው መንገድ ክራዮ ነው። በሙሉ ስሙ ክራዮፕሪሲፒቴት። ጁዲት ፑል የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1960ዎቹ አጋማሽ ያገኘችው ነገር ነው። የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከታች የሚዘቅጥ ነጭ ነገር አለ፤ ፋክተር ስምንት እሱ ውስጥ ተጠራቅሞ አገኘችው። ከአንድ ሰው ደም የሚገኝ አንድ ከረጢት ክራዮ በግምት ከ70 እስከ 80 ዩኒት ይይዛል። ለዚያ ልጅ አምስት ወይም ስድስት ከረጢት። የስድስት ሰው ደም ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቢመረመርም ስጋቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ደግሞ ልብ በሉ፦ ክራዮ ፋክተር ዘጠኝ የለውም። ሄሞፊሊያ ቢ ላለበት ልጅ ክራዮ መስጠት ውሃ እንደመስጠት ነው። ለእሱ ፕላዝማ ይሻለዋል። ሁለቱን ዓይነት የሚለየው ምርመራ ለምን ወሳኝ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ሌላ የሚያሳዝን ሂሳብ አለ። መድኃኒት በሞላበት አገር ለደማ መገጣጠሚያ ከ40 እስከ 60 በመቶ እንዲደርስ ይመከራል። ባጠረበት አገር ያሉ ሐኪሞች ከ10 እስከ 20 በመቶ አድርሰው እንዲያብቃቁት ነው የሚመከረው። ያው ልጅ፣ ያው ጉልበት፣ የተለያየ አገር።

ከልጁ የራቀ መድኃኒት

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሄሞፊሊያ ሕሙማን መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ማህበርም አለ። ነገር ግን ልጁ የሚደማው ጎንደር፣ ጅማ ወይም ጅግጅጋ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ መድኃኒቱን በነፃ ቢያገኝ እንኳ አውቶቡስ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የቀረ የቀን ሥራ አለበት። ብዙ እናቶች «እስቲ ይቆም እንደሆነ ልየው» ብለው የሚጠብቁት ከስንፍና አይደለም። ኪስ እያዩ ነው።

ፋክተሩ ከልጁ ቀድሞ እዚያ ቢደርስስ? ይህ የሚቻል ነገር ነው። አብዛኛው ፋክተር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል። ክትባት የሚያስቀምጥ ሆስፒታል ደግሞ እንዲህ ያለ ፍሪጅ አለው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከፍሪጅ ውጭም በመደበኛ የክፍል ሙቀት ለተወሰኑ ወራት መቀመጥ ይችላሉ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። በየክልሉ ባሉ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ብልቃጥ ቢቀመጥ፣ አንድ ነርስና አንድ ሐኪም ቢሠለጥኑ፣ የአውቶቡሱ ሰዓት ሁሉ ይጠፋል። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልገውም። ፍሪጅ፣ መዝገብና ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ የሚቀጥለው ደረጃ ቤት ነው። በብዙ አገሮች እናቶች ራሳቸው ይወጋሉ፤ ልጆቹም ከፍ ሲሉ ራሳቸውን ይወጋሉ። አሠራሩን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የፋክተር ዱቄት ያለበት ብልቃጥና ማሟሚያ ውሃው ከፍሪጅ ወጥተው ቅዝቃዜያቸው ይለቃል። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ውሃው ዱቄቱ ላይ በቀስታ ይወርዳል። ከዚያ ብልቃጡ በመዳፍ መካከል ይሽከረከራል። አይናጥም፤ ከተናጠ አረፋ ይሆናል፣ ፕሮቲኑም ይጎዳል። ጥርት ሲል በሲሪንጅ ይሳባል፣ ደም ሥር ይፈለጋል፣ ቀስ ተብሎ ይገባል። የተረፈ ነገር አይደፋም፤ የተከፈተ ብልቃጥ ሙሉውን ይሰጣል። ከሁሉ የሚከብደው የልጅ ደም ሥር ማግኘት ነው። ያም በልምምድ ይመጣል።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ

ፋክተር ባለበት ሆስፒታል ውስጥም ሰዓት ይባክናል። ካርድ ክፍል ሰልፍ አለ። ልጁ ደም ስለማይታይበት «ይህ ድንገተኛ አይደለም» ይባላል። ወላጅ የሚለው አይሰማም። ለዚህ የሚረዳው አንድ ወረቀት ነው። ከሚከታተለው ሐኪም የተጻፈ፣ ማህተም ያለበት፣ ፕላስቲክ የተለበጠ። የበሽታው ዓይነት ኤ ወይም ቢ፣ ክብደቱ፣ የፋክተሩ መጠን፣ ለጉልበት ስንት ዩኒት ለጭንቅላት ስንት ዩኒት፣ የሐኪሙ ስልክ። ከታች በትልቁ፦ ጡንቻ ላይ አትውጉት፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አትስጡት። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሆናል። የእህቴ ልጅ ያን ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት ነበረው። ቤት ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ። አሁን ደብተር ቦርሳው ውስጥ አንድ፣ እናቱ ቦርሳ ውስጥ አንድ፣ እኔ ስልክ ውስጥ ፎቶው አለ።

ለጤና ባለሙያ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ መጀመሪያ ፋክተሩ ይሰጥ፣ ከዚያ ሲቲ ስካኑ ይነሳ። ፎቶው እስኪመጣ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ባለ 20 ኪሎ ልጅ እንዲህ ሲመታ ወደ 100 በመቶ ለማድረስ 1,000 ዩኒት ይጠይቃል። ይህን ያህል እጅ ላይ ከሌለ ያለው ይሰጥና ይደወል። እናቱ «እሱ ዝም ብሎ አያለቅስም» ካለች እመኗት።

ለአፍና ለጥርስ መድማት ትራንኤግዛሚክ አሲድ የሚባል ርካሽ ክኒን አለ። ፋርማሲ ይገኛል። የረጋውን ደም እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ሽንቱ ደም ለቀላቀለ ሰው ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ሐኪሙን ጠይቁ። ክትባት ደግሞ አይቀርም፤ ቀጭን መርፌ ተመርጦ፣ ሲቻል ከቆዳ ሥር ተሰጥቶ፣ ቦታው አሥር ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል።

ሳይደማ በፊት

እስካሁን ያወራሁት ከደማ በኋላ ስለሚሰጠው ነው። የተሻለው ግን ሳይደማ መስጠት ነው። ፕሮፊላክሲስ ይሉታል። ፋክተር ስምንት ደም ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። «ለደማውም ያልበቃ መድኃኒት ላልደማው ይሰጣል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን አቅም ባነሰባቸው አገሮች ትንሽ መጠን፣ በኪሎ 10 ዩኒት ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሲሰጥ መድማቱ በጣም እንደሚቀንስ ታይቷል። ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል፣ እናቱ ሥራዋን አትተውም።

አዲሱ ተስፋ ኤሚሲዙማብ ነው። ፋክተር አይደለም፤ የፋክተር ስምንትን ሥራ ተክቶ የሚሠራ ነገር ነው። ከቆዳ ሥር፣ ልክ እንደ ኢንሱሊን ይወጋል። በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ። ደም ሥር ፍለጋ የለም። አሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አምራቹ ሮሽ በ2019 በፌዴሬሽኑ በኩል እስከ 1,000 ለሚደርሱ በታዳጊ አገሮች ላሉ ሕሙማን በእርዳታ ለመስጠት ተስማማ። ለሄሞፊሊያ ኤ ብቻ ነው። የጀመረ መድማትንም አያቆምም፤ ለዚያ አሁንም ፋክተር ያስፈልጋል።

በተለይ የሚጠቅመው ኢንሂቢተር ላለባቸው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው መካከል እስከ 30 በመቶ በሚደርሱት ላይ ሰውነት የተሰጠውን ፋክተር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ፋክተር ተሰጥቶት እብጠቱ አልቀንስ ካለ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል» ከማለታችሁ በፊት የኢንሂቢተር ምርመራ ይደረግለት።

ውጭ ላላችሁ

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያላችሁ ዘመዶች ብዙ ጊዜ «ገዝተን እንላክ?» ትላላችሁ። ልባችሁ ይባረክ። ግን ፋክተር በሻንጣ የሚላክ ዕቃ አይደለም። ሙቀቱ ከተዛባ ዋጋ የለውም፣ ዓይነቱ ከተሳሳተም አይሠራም፣ ጉምሩክም ይይዘዋል። መድኃኒት የምታስለግሱ ከሆነ በፌዴሬሽኑና በታወቀው ማዕከል በኩል ይሁን። ከዚያ ይልቅ የሚቀርባችሁ የመንገዱ ገንዘብ ነው። የአንድ ቤተሰብ የአውቶቡስና የማደሪያ ወጪ፣ የበረዶ ከረጢት፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ፊዚዮቴራፒ። የደማ ጉልበት ደሙ ከቆመ በኋላ ስፖርት ካልሠራ ጡንቻው ይሰንፍና እንደገና ይደማል። ይህን የሚከፍል ሰው የለም። ለዚህ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ብዙ ይሠራል።

እህቴ ባለፈው መጋቢት ሥልጠናውን ጨረሰች። መጀመሪያ የተለማመደችው በራሴ ክንድ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ሙከራ ደም ሥሬን አገኘችው። ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ልጁ «እማ፣ ክርኔ ይሞቀኛል» አላት። ክርኑ ገና አላበጠም። ብልቃጡን ከፍሪጅ አወጣች፣ እጇን ታጠበች፣ ብልቃጡን በመዳፏ መካከል አሽከረከረችው። ልጁ ራሱ ጎማውን ክንዱ ላይ ይዞ «እዚህ ነው የሚሻለው» እያለ ያሳያታል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ስለነበር እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እሰማለሁ። ሲያልቅ ደብተሯን አወጣች። ቀኑን፣ የደማውን ቦታ፣ የብልቃጡን ቁጥር ጻፈች። ከዚያ «ከጀመረው ስንት ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቴን አየሁ። 40 ደቂቃ።

ፍሪጁ ውስጥ የቀራት ሁለት ብልቃጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ማዕከሉ እስኪከፈት ጠብቃ ደወለች።